ወንፊቱን የያዙ ሁለት ሰዎች

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቡራዩ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ተጋፍቼ አዲስ አበባ እገባለሁ። የምሠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም፣ በመዝገብ ክፍል ነው። ከቁፋሮ የወጣ ማንኛውም ነገር፣ ከባልጩት ፍንካች እስከ ሸክላ ገል፣ በእኔ እጅ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ካርድ ይሞላለታል፣ መሳቢያ ውስጥ ስፖንጅ ላይ ይተኛል። ከዕቃዎቹ ሌላ የቁፋሮ ፎቶግራፎች ነበሩን፤ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የተነሱ፣ ጥቁርና ነጭ፣ በየካርቶኑ የታሸጉ። የቱ የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ። በዚህ እኮራ ነበር።

ከዚህም በላይ የምኮራው ደንብ በማክበሬ ነው። ደብዳቤ ያልያዘ ሰው ዕቃ ቤታችንን እንዲያይ አንድም ቀን ፈቅጄ አላውቅም። አለቃዬ ራሱ አንዳንዴ እየሳቀ "አንቺስ ከመቆለፊያው ትብሻለሽ" ይለኝ ነበር። እኔ እንደ ምስጋና ነበር የምቆጥረው።

አዴ ዲንቄ መጀመሪያ የመጡት ሰኔ መባቻ ላይ ነው። ጥበቃው ከበር ይዟቸው ገባ። አጠር ያሉ፣ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ያሰሩ፣ የፕላስቲክ ጫማ ያደረጉ እናት ናቸው። ወደ ሰባዎቹ ይጠጋሉ።

"አካም ጅርታ፣ ልጄ?"

"ፋያ፣ እናቴ። ምን ልርዳዎት?"

"ባሌ እዚህ ቤት አለ ብለውኝ ነው የመጣሁት።"

መጀመሪያ አእምሯቸው የተናወጠ መሰለኝ። ወንበር ሰጠኋቸውና ቀስ ብለው አስረዱኝ። የመጡት ከሰበታ ነው። የጎረቤታቸው ልጅ ከክፍሏ ጋር ሙዚየማችንን ጎብኝታ ስትመለስ፣ በአዋሽ ዳር ፈረንጆች ሲያስቆፍሩ የተነሳ የድሮ ፎቶ እዚያ እንዳለ ከአስጎብኚው ሰምታ ነገረቻቸው። ባላቸው ፈይሳ እዚያ ቁፋሮ ላይ ሦስት በጋ በቀን ሠራተኝነት ሠርቷል። ኋላ ሚሊሺያ ተብሎ ከሌሎች ጋር በመኪና ተጭኖ ሄደ፤ አልተመለሰም። ሲሄድ እሳቸው የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበሩ። በትዳራቸው ዘመን አንድም ፎቶ አብረው አልተነሱም።

"ሌላው ሌላው ትዝ ይለኛል" አሉኝ። "ሳሉ፣ አረማመዱ፣ ሲቆጣ ዝም የሚለው ነገር። ፊቱ ግን ከዓመት ዓመት እየሸሸኝ ሄደ። አሁን ሳስበው ወንድሜ ነው የሚመጣብኝ። ልጄ ጫልቱ አባቴ ምን ይመስላል ስትለኝ የምነግራት ጠፋኝ። ካየሁት ግን አውቀዋለሁ።"

እኔ ምን አልኩ? "ደብዳቤ ይዘዋል?" አልኳቸው።

አልያዙም። ከቀበሌ እንዲያጽፉ ነግሬ ላክኋቸው። ሐምሌ ውስጥ በዝናብ በስብሰው ይዘው መጡ። ደብዳቤው "ለሚመለከተው ሁሉ" ይላል። ለሙዚየሙ ተብሎ፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት፣ ቁጥርና ማኅተም ኖሮት መምጣት እንዳለበት አስረዳኋቸው። በትህትና ነው ያስረዳኋቸው፤ "እናቴ" እያልኩ። እሳቸውም "እሺ ልጄ፣ ሕግ ከሆነ" ብለው ወረቀቱን አጣጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ፎቶዎቹ ያሉበት ካርቶን እኔ ከተቀመጥኩበት ወንበር የሚለየው በአንድ ግድግዳ ነበር።

ነሐሴ ላይ የዕቃ ቤቱ ጣራ አፈሰሰ። ጠዋት ስገባ ወለሉ ውሃ ይዟል። እኔና የጽዳት ሠራተኛዋ ተሯሩጠን ዕቃ አሸሸን። መጀመሪያ ያሸሸሁት ድንጋዮቹን ነው። ከሰው ልጅ ታሪክ በፊት ጀምሮ ዝናብ ሲወርድባቸው፣ ጎርፍ ሲያንከባልላቸው የኖሩትን ድንጋዮች፣ መሳቢያ መሳቢያቸውን ይዤ እንደ ሕፃን አቅፌ ወደ ላይኛው ክፍል አወጣሁ። ቁጥር አላቸዋ! የፎቶ ካርቶኖቹ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ነበሩ። ላስቲክ አለበስኳቸውና ሄድኩ። ውስጣቸውን አላየሁም።

አዴ ዲንቄ ለሦስተኛ ጊዜ የመጡት መስከረም አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። በላስቲክ የታሸገ ደብዳቤ አወጡና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። አነበብኩት። አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ጉድለት እየፈለግኩ ነበር የማነበው። አጣሁበት። የሙዚየሙ ስም፣ ቁጥሩ፣ ማኅተሙ፣ ፊርማው፣ ሁሉም በቦታው ነው።

"ይቀመጡ እናቴ። አሁን አመጣልዎታለሁ።"

የኤግዚቢሽን አዳራሹ ውስጥ፣ የድንጋይ መጥረቢያዎቹ ከተደረደሩበት መስታወት ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብለው አዩ።

"ፈይሳ ሲያወጣ የነበረው ይሄን ነው?"

"አዎ፣ እንዲህ ያለውን ነው።"

"ደህና አድርጋችሁ ይዛችሁታል" አሉ። ለሽሙጥ አልነበረም። ከልባቸው ነው ያሉት።

ዕቃ ቤት ገብቼ ላስቲኩን ስገልጥ መጀመሪያ የተቀበለኝ የሻጋታ ሽታ ነው። ላስቲኩ እርጥበቱን አፍኖ ይዞት ከርሟል። የካርቶኑ ክዳን በእጄ ላይ ተቀደደ። ውስጡ የነበሩት ፎቶዎች እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ አንድ ወፍራም ጣውላ ሆነዋል። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

አለቃዬን ጠራሁት። አየና ከንፈሩን መጠጠ።

"ዛሬ አይሆንም በያቸው። ባለሙያ ይየው።"

"ባለሙያው ማነው?"

"አንቺ ነሻ" አለኝና ወጣ።

ምን መደረግ እንዳለበት አውቅ ነበር። አንድ ስልጠና ላይ ነግረውናል፤ የተጣበቀ ፎቶ ደረቁን አይላቀቅም፣ በንጹሕ ውሃ ተነክሮ ራሱ እስኪለቅ ይጠበቃል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። እንግዲህ ወጥቼ "እናቴ፣ በሌላ ቀን ይምጡ" ልላቸው ነው። ለአራተኛ ጊዜ። እንዴት ብዬ? ሦስት ወር ሙሉ ያልተሰማኝ እፍረት በዚያች ደቂቃ አንድ ላይ መጣብኝ። ዛሬ ባዶ እጃቸውን አይመለሱም አልኩ።

እንግዲህ ያጠፋሁት ስራራ ነው። ስጨክን አልነበረም። ይህን ለምን እንደምናገር አላውቅም፤ ግን እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

ስስ ቢላ አመጣሁና ከላይ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ፎቶ ጥጉ ተነስቶ ቀስ እያለ ለቀቀ። በክር የተከፋፈለ ጉድጓድ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ተጫጫረ እንጂ ወጣ። ድፍረት ተሰማኝ። ሦስተኛው የአንድ ድንጋይ ፎቶ ነው፤ አጠገቡ ማስመሪያ ተጋድሞ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ከሥሩ ያለውን በጥጉ ሳየው የሰዎች እግር ታየኝ። ብዙ እግር። የሠራተኞቹ ፎቶ ይህ ነው!

ቢላውን አስገባሁ። ከግራ ለቀቀ። ከቀኝም ለቀቀ። መሐሉ ላይ ያዘ። ሳብ አደረግሁት፤ ያዘ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ትንሽ ጨምሬ ሳብኩ።

ሸርከት አለ። ወረቀት ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ ነው እንጂ ሌላ አይደለም፤ እስከ ዛሬ ግን ጆሮዬ ላይ አለ።

ፎቶው ላይ ኮፍያ ያደረገ ፈረንጅ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ከኋላው ስምንት ሰዎች ቆመዋል። ጫፉ ላይ ሁለቱ አንድ ትልቅ የአፈር ወንፊት ግራና ቀኝ ይዘዋል። በቀኝ በኩል ያለው ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ይስቃል። በግራ በኩል ያለው ከአንገቱ በላይ ነጭ ወረቀት ነው። የድንጋዩን ፎቶ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ነገር ተለጥፋለች። ዓይን ይሁን አፍ አይለይም። በጣቴ ስነካት ተዳጠች።

ሌሎቹ ሰባቱ ደህና ናቸው። ፎቶውን ይዤ ወደ አዳራሹ ስሄድ የጸለይኩት አንድ ጸሎት ነው፤ እባክህ ከሰባቱ አንዱ ይሁን።

አዴ ዲንቄ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ ጣታቸውን ሳያስነኩ ከፈረንጁ ኋላ ካለው ሰው ጀመሩ።

"አይደለም።" ቀጠሉ። "አይደለም። ይሄም አይደለም። ይሄ ሽማግሌ ነው።" ጣታቸው እየሄደች ወንፊቱ ጋ ደረሰች። የሚስቀው ሰው ላይ ቆዩ። "ይሄን አላውቀውም" አሉ።

ከዚያ ጣታቸው ወደ ግራ ሄደችና ቆመች። ፊቱ ሳይሆን ደረቱ ላይ።

"ኪሱ" አሉ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሸሚዙ የደረት ኪስ ከሸሚዙ ጨርቅ የተለየ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ ትንንሽ አበባ ያለበት።

"የእኔ ቀሚስ ነው። ሞረድ እየከተተበት ይቀድደዋል። ሦስት ጊዜ ሰፋሁለት፤ በሦስተኛው ከቀሚሴ ጫፍ ቆርጬ አዲስ ኪስ አደረግሁለት። ሳቁብኝ እያለ ይነጫነጭ ነበር።" ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ደረቅ ነው። "ፊቱን ምን ነካው?"

"ዝናብ ነው" አልኩ። "ጣራው አፍስሶ።"

ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

"ዝናብ" አሉ። ደግመው ኪሱን አዩ። ከዚያ ለጫልቱ የማሳያት ግልባጭ ስጪኝ አሉኝ። አንስቼ አሳትሜ፣ ካርቶን ደግፌ ሰጠኋቸው። ሊነሱ ሲሉ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ። ብቻቸውን መልቀቅ አልቻልኩም፤ ፈቃድ ጠይቄ አብሬያቸው ወጣሁ።

የሰበታ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዓለም ገና ደረስን። መንገዱ በጭነት መኪና ተዘግቶ ቆመናል። በመስኮት ውጭውን እያዩ ጠየቁኝ።

"ዝናቡ መቼ ነው የገባው?"

"ነሐሴ።"

ከፊታችን ያለው መኪና ትንሽ ተንቀሳቅሶ እንደገና ቆመ።

"ሰኔ ላይ ስመጣ ደህና ነበራ?"

ያን ጊዜ ብዋሽ ማን ያውቃል? "አዎ፣ ደህና ነበር" አልኩ። "በሐምሌም ደህና ነበር።"

ቤታቸው ከአንድ ፋብሪካ አጥር ጀርባ ነው። ግቢው ውስጥ ከደቡብ የመጡ የፋብሪካ ሠራተኞች ተከራይተዋል፤ አንዷ ልብስ እያጠበች በቋንቋዋ መዝሙር ትዘምራለች። አዴ ዲንቄ በሩን ከፍተው አስገቡኝ። ሳልቀመጥ እግራቸው ሥር ወድቄ የቀረውን ተናገርኩ። በውሃ መንከር ሲገባኝ ደረቁን እንደላጥኩት፣ እሳቸው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ሲጠብቁ የባላቸው ፊት እኔ እጅ ላይ እንደተቀደደ።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የሴትየዋ መዝሙር አለቀና ሌላ ጀመረች።

"ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ ፊቱ ነበረ ማለት ነው" አሉ በመጨረሻ። ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው ነው ያሉት። ቀጥለው "ተነሺ፣ ልጄ እየመጣች ነው። ምንም እንዳትነግሪያት" አሉኝ።

ጫልቱ ክር ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ከፈረቃ ወጥታ ነበር፤ ፀጉሯ ላይ ብናኝ ጥጥ አለ። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ እናት ብዙም አታንስም። በሩ ላይ ቆማ እኔን አየች፣ እናቷን አየች።

"አገኘሽው? አርጊቴ?" አለች በአማርኛም በኦሮምኛም።

"አገኘሁት" አሉ አዴ ዲንቄ።

ጫልቱ እጇን ታጥባ መጣች። ፎቶውን ጭናቸው ላይ ዘረጉት። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌያለሁ። የአዴ ዲንቄ ጣት ወደ ወንፊቱ ስትሄድ አየሁ። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረች።

"ይኸውልሽ አባትሽ" አሉ፤ የሚስቀውን ሰው እያሳዩ።

ጫልቱ ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከኋላዋ አያለሁ።

"እየሳቀ ነው" አለች። "እማ፣ እየሳቀ ነው እኮ! ጥርሱ የእኔን ይመስላል። አይመስልም?" ወደ እኔ ዞረች። "እርግጠኛ ናችሁ? ስሙ ተጽፎበታል?"

አዴ ዲንቄ አዩኝ። የለመኑኝ በዓይናቸው ነው።

ሥራዬ ዕቃን በስሙ መመዝገብ ነው። አንድ ገል ከሌላ ጉድጓድ ገል ጋር ቢቀላቀልብኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነበርኩ።

"እርግጠኛ ነን" አልኩ።

ጫልቱ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ደግማ አየችው። ጣቷን አንቀሳቀሰች።

"ይሄኛውስ? ፊት የሌለው ማነው?"

"አላውቀውም" አሉ አዴ ዲንቄ።

"ምስኪን" አለች ጫልቱ። "የሱ ሰዎች ቢፈልጉትስ?"

አዴ ዲንቄ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ታክሲ ስንጠብቅ "አርባ ስድስት ዓመት የጠየቀችኝን ልጅ ፊት የሌለው ሰው ላሳያት?" አሉኝ። "እኔም ከዛሬ ወዲያ ሳስበው ያ የሚስቀው ነው የሚመጣብኝ። ፈይሳ አለቀ።" ታክሲው መጣ። ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ማድረግ የሚቻለውን ሁሉ አደረግሁ። የፎቶው ኔጋቲቭ ቁፋሮውን ካደረጉት ሰዎች ጋር ወደ ውጭ ሄዷል ስለተባለ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከወራት በኋላ መልስ መጣ። የድንጋዮቹና የጉድጓዶቹ ኔጋቲቭ አለ፤ የሠራተኞቹ አልተቀመጠም አሉ።

አዴ ዲንቄ በሁለተኛው ዓመት አረፉ። ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ፎቶ በፍሬም ተሰቅሏል፤ አንዱ የሳቸው ነው። ሌላው ለብቻው ተቆርጦ፣ ተስፋፍቶ የታተመው የሚስቀው ሰው ነው። ከሥሩ በሁለት ቋንቋ "ፈይሳ" ተብሎ ተጽፏል። የመጣው ሁሉ እሱን እያየ ያለቅሳል። ጫልቱ አቅፋኝ "አንቺ ባትኖሪ አባቴን ሳላየው እሞት ነበር" አለችኝ። እኔም አቀፍኳት።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ምን ተማርሽ ትሉኝ ይሆናል። ዛሬ ማንንም ደብዳቤ አልጠይቅም፤ በዚህም ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። የቀሩትን ፎቶዎች በውሃ እየነከርኩ አንድ በአንድ አላቀቅኋቸው፤ አንዱም አልተቀደደም። ይህ ግን ለማንም ምንም አልጠቀመም። ከዚያ ወዲህ ሰው ፍለጋ የመጡት ሌሎች ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም የፈለጉትን አላገኙም። የሠራተኞቹ ፎቶ ካርድ ላይ ግን እውነቱን ጽፌያለሁ፤ ፊቱ የተላጠው ፈይሳ ነው፣ የቀደድኩት እኔ ነኝ ብዬ። ካርዱን ማንም አያነበውም።

ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ሌላው፣ የሚስቀው ሰው ነው። እሱም ሚስት ይኖረዋል፤ እሱንም የሚፈልግ ልጅ ይኖራል። ምናልባት ከእናንተ የአንዳችሁ አባት ወይም አያት ነው። እንደዚያ ከሆነና አንድ ቀን ሰበታ ውስጥ አንድ ቤት ገብታችሁ፣ ወንፊት ይዞ የሚስቅ የእናንተን ሰው በሌላ ስም ግድግዳ ላይ ካያችሁት፣ እባካችሁ ለቤቱ ባለቤት ምንም አትበሏት። ወደ እኔ ኑ።